የሰማይ መስተዋትና የመንዝ ኦፓል

ትልቅ የሰማይ ድንጋይ ምድርን ሲመታ፥ ከግጭቱ ግለት የተነሣ አሸዋና ዓለት ይቀልጣል፤ ቶሎ ሲቀዘቅዝም መስተዋት ይሆናል። በምዕራብ ግብፅ፥ ከሊቢያ ጠረፍ አጠገብ የሚገኘው ቢጫ መስተዋት ዕድሜው 29 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በ1915 ዓ.ም. በተገኘው በንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ከዚሁ መስተዋት የተቀረጸ ጥንዚዛ ነበረ። ሰብሳቢዎችም እስከ ዛሬ ይሹታል።

እኔም አጎቴ ከመዘዞ ያመጣልኝን ቡናማ ድንጋይ «የሰማይ መስተዋት ነው» ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ። ከውስጡ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ይጫወት ነበር። አጥቤ እንዲደርቅ ከምድጃ ዳር አኖርሁት፤ በማግሥቱ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት።

መምህራችን ሲያዩት፥ «ይህ ኦፓል ነው» አሉ። የሰማይ መስተዋት በእሳት ስለሚወለድ ውሃ የለውም ለማለት ይቻላል። ኦፓል ግን ሲሊካ ያዘለ ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲረጋ ይፈጠራል፤ ውሃም በውስጡ ይቀራል። ውሃው ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። የመዘዞ ኦፓል በ1986 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ገበያ ሲታወቅ ገዥዎችን ያሠጋቸው ይኸው ጠባዩ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! የአገራችንን ድንጋይ ከመሸጣችን በፊት ጠባዩን እንወቅ፤ ለገዥውም እውነቱን እንንገር።