የጋዝ ዎክ ማቃጠያ በከፍታ ቦታ፦ የአየር ድርሻ፣ አጠቃቀምና እንክብካቤ

ዎክ በደቡብ ቻይና፣ በተለይም በጓንግዶንግና በሆንግ ኮንግ የምግብ አሠራር ዋና መሣሪያ የሆነ፣ ታቹ ክብ ቀጭን የብረት መጥበሻ ነው። ምግቡ በኃይለኛ እሳት ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ እየተገላበጠ ይበስላል። በዚህ አጭር ጊዜ የሚያገኘውን ጭስ ጭስ የሚል ልዩ ቃና የካንቶን ቋንቋ ተናጋሪዎች «ዎክ ሄይ» ይሉታል፤ የዎክ እስትንፋስ እንደ ማለት ነው። ይህ ቃና በቤት ውስጥ ምድጃ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህም ከሲሊንደር በሚወጣ ጋዝ የሚሠራ፣ በሦስት ወይም በአራት እግር የሚቆም፣ ከቤት ውጭ የሚተከል ማቃጠያ በብዙ አገሮች የተለመደ ዕቃ ሆኗል።

ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው ከተሠራበት አካባቢ ርቆ ሲተከል ነው። ሆንግ ኮንግና ጓንግዡ በባሕር ጠረፍ ደረጃ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ አዲስ አበባ በ2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ለባሕር ወለል አየር የተመጠነ ማቃጠያ እዚህ ሲለኮስ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ጫፉ ቢጫ ይሆናል፣ የዎኩ ታች በጥላሸት ይጠቁራል። ተጠቃሚው ይህን አይቶ «ጋዙ አነሰ» ብሎ ሬጉሌተሩን የበለጠ ይከፍታል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ተቃራኒው ነው፤ ያነሰው ጋዙ ሳይሆን አየሩ ነው። እንክብካቤውም በአብዛኛው የአየሩን መንገድ መጠበቅ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ «ጋዝ» ሲባል በተለምዶ ነጭ ጋዝ የሚባለውን ኬሮሲን ሳይሆን በሲሊንደር የሚቀርበውን የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ያመለክታል። ስሌቶቹ ለቅለት ሲባል በንጹሕ ፕሮፔን የተሠሩ ናቸው።

የእሳቱ ኃይል ለምን ያስፈልጋል

የቤት ምድጃ ትልቁ ዓይን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ኪሎዋት ይሰጣል፤ የዎክ ማቃጠያ ግን 30 ኪሎዋት ሊደርስ፣ ሊያልፍም ይችላል። ከሚወጣው ሙቀት ወደ ዎኩ የሚገባው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው ብለን እናስብ። 30 ኪሎዋቱ በየሰከንዱ 4.4 ግራም ያህል ውኃ ሊያተን ይችላል፤ የ3 ኪሎዋቱ ድርሻ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። አትክልትና ሥጋ ሲሞቁ ውኃ ያወጣሉ። ውኃው እንደ ወጣ ወዲያው ከተነነ የብረቱ ገጽ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፣ ምግቡም ይጠበሳል። ካልተነነ ምግቡ በራሱ ውኃ ይቀቀላል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ዘይት ቢጨመር አያድነውም።

የዚህ ኃይል ዋጋ ምግቡ በቅጽበት ሊያር መቻሉ ነው። የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ሀንግታንግ ኮ እና ዴቪድ ሁ በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ ሩዝ የሚጠብሱ ባለሙያዎች ዎኩን በሰከንድ 3 ጊዜ ገደማ እንደሚወዘውዙ አሳይተዋል። ሩዙ በየዙሩ ወደ አየር ስለሚነሣ ከብረቱ ጋር የሚቆየው ለአፍታ ብቻ ነው።

በጎን አንድ ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በመሆኑ ሽምብራና ባቄላ ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ። ዎክ ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ የዘይቱና የብረቱ ሙቀት በውኃ መፍያ ነጥብ አይወሰንምና። ከፍታው ዎክን የሚጎዳው በድስቱ በኩል ሳይሆን በእሳቱ በኩል ነው።

የግፊት መለኪያው የማይናገረው

አንድ እጅ ፕሮፔን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 24 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። ማቃጠያው ይህን አየር በሁለት መንገድ ያገኛል። የመጀመሪያው ጋዙ ከኖዝሉ ቀጭን ቀዳዳ በፍጥነት ሲወጣ ወደ መቀላቀያ ቱቦው እየሳበ የሚያስገባው ነው፤ ቀዳማይ አየር እንበለው። ሁለተኛው ነበልባሉ ከተቀጣጠለ በኋላ ከዙሪያው የሚያገኘው፣ ዳኅራይ አየር የምንለው ነው። አንዳንድ የምግብ ቤት ማቃጠያዎች አየሩን በማራገቢያ ይነፋሉ፤ ማራገቢያውም ቢሆን በአንድ ፍጥነት ሲሽከረከር የሚሰጠው ተመሳሳይ ይዘት እንጂ ተመሳሳይ ክብደት ያለው አየር ስላልሆነ ከችግሩ አያመልጥም።

የአየር ግፊት በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል ሲሆን በአዲስ አበባ ወደ 76 ይወርዳል። በሌላ አነጋገር፣ በተመሳሳይ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር እዚህ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጋዙ ግን በዚሁ መጠን አይቀንስም። ሬጉሌተሩ ላይ ያለው መለኪያ የሚያነበው በጋዙና በዙሪያው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። መለኪያው 140 ኪሎፓስካል ቢያሳይ ፍጹም ግፊቱ በባሕር ወለል 241፣ በአዲስ አበባ 216 ነው። በዚህ ግፊት ጋዙ ከኖዝሉ የሚወጣው በድምፅ ፍጥነት ስለሆነ፣ የሚያልፈው መጠን ከኖዝሉ በፊት ያለውን ፍጹም ግፊት ተከትሎ ብቻ ይቀንሳል። 216ን ለ241 ብናካፍል 0.90 እናገኛለን። ጋዙ በ10 ከመቶ ሲቀንስ የአየሩ ኦክስጅን በ25 ከመቶ ይቀንሳል፤ መለኪያው ግን በሁለቱም ቦታ 140 ይላል።

የቀዳማይ አየሩ ድርሻ ብዙ አይጎዳም፤ በጋዙ ግፊት ስለሚሳብ በከፊል ራሱን ያካክሳል። ዋናው ጉድለት የሚታየው በዳኅራይ አየሩ ላይ ነው። ነበልባሉ የሚፈልገውን ኦክስጅን በአጭር ርቀት ስለማያገኝ ወደ ላይ ይረዝማል፣ ቀዝቃዛውን ዎክ ሳይጨርስ ይነካል፣ ያልተቃጠለው ካርቦን ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ሬጉሌተሩን የበለጠ መክፈት ጋዙን ስለሚጨምር፣ ዳኅራይ አየሩንም ስለማይጨምር ጉድለቱን ያሰፋዋል። የኮሽታው ድምፅ ስለሚበረታ ግን እሳቱ የተሻለ ይመስላል።

የአሜሪካ የጋዝ ደንብ ከ2,000 ጫማ በላይ ለሚተከሉ የጋዝ መሣሪያዎች ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ የሙቀት አቅማቸው በ4 ከመቶ እንዲቀነስ ያዛል፤ ስሌቱ ከባሕር ወለል ይጀምራል። በዚህ መሠረት ለአዲስ አበባ የሚወጣው ቅናሽ 31 ከመቶ ያህል ነው። ከላይ ባነሣነው ምሳሌ 10 ከመቶው በራሱ ስለሚቀንስ ቀሪውን የምናገኘው የኖዝሉን ስፋት በ23 ከመቶ በማጥበብ ነው፤ 1 ሚሊሜትር የነበረው ቀዳዳ ወደ 0.88 ይወርዳል። በኖዝል ፋንታ ግፊቱን ወደ 90 ኪሎፓስካል በመቀነስም ተመሳሳይ የጋዝ መጠን ይገኛል። ነገር ግን በዝቅተኛ ግፊት ጋዙ አየር የመሳብ ኃይሉ ስለሚደክም ኖዝሉን መቀየር ይመረጣል። በእኔ ግምት የ31 ከመቶው ቅናሽ አየር እንደ ልብ በሚዘዋወርበት ሜዳ ላይ ለቆመ ማቃጠያ ጥብቅ ነው። መጀመሪያ ግፊቱን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ቢጫው ጫፍ የሚጠፋበትን ነጥብ መፈለግ፣ ኖዝል ለመቀየር የሚወሰነውም ከዚያ በኋላ ቢሆን የተሻለ ነው።

ነበልባሉን ማንበብ

በትክክል የተመጠነ ነበልባል ሰማያዊ ነው፤ ከቀዳዳው አፍ ላይ ጥርት ያለ አጭር ሾጣጣ ይሠራል፣ ድምፁም ወጥ ነው። ነበልባሉ ከቀዳዳው ተነሥቶ በአየር ላይ ከተንሳፈፈ የድብልቁ ፍጥነት በዝቷል ማለት ነው። በተቃራኒው ግፊቱ በጣም ሲቀነስ እሳቱ ወደ ኋላ ገብቶ በመቀላቀያው ቱቦ ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ ሲሆን የታፈነ ጩኸት ይሰማል፣ ቱቦውም ይግላል፤ ወዲያው ዘግቶ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግዴታ ነው።

ቢጫ ሁሉ ግን ጥላሸት አይደለም። ጨው ወይም አቧራ ወደ እሳቱ ሲገባ ሶዲየም ብርቱካናማ ብልጭታ ይሰጣል። ይህ ብልጭታ መጥቶ ይሄዳል፣ ዎኩንም አያጠቁርም። የአየር እጥረት ቢጫ ግን በነበልባሉ ጫፍ ላይ ጸንቶ ይቆያል። በጥርጣሬ ጊዜ ንጹሕ ብረት ለጥቂት ሰከንድ ከነበልባሉ በላይ ይዞ ማየት ይበቃል።

እንክብካቤ

ኖዝል ከመቀየሩ አስቀድሞ ማቃጠያው መጽዳት አለበት፤ ምክንያቱም የተዘጋ የአየር መንገድ ከከፍታ ጋር አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያል። ከክረምት በኋላ ከማከማቻ የወጣ ማቃጠያ በመቀላቀያ ቱቦው ውስጥ የሸረሪት ድር ወይም የነፍሳት ጎጆ ሊኖረው ይችላል። ድሩ ጋዙን አያግድም፤ አየሩን ግን ያግዳል፣ ጋዙንም በአየር መግቢያው በኩል ወደ ኋላ እንዲመለስ ሊያደርግ ይችላል። በጠባብ የጠርሙስ ብሩሽ ቱቦውን ከዳር እስከ ዳር መጥረግ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

በኖዝሉ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው። በፓምፕ የሚሠራ የነጭ ጋዝ ምድጃን በመርፌ መውጋት የለመደ ሰው የጋዙንም ኖዝል እንደዚያው በሽቦ ይወጋዋል። ኖዝሉ ለስላሳ ናስ ነው፤ የሚያልፈው ጋዝም ከቀዳዳው ወርድ ካሬ ጋር ይጨምራል። 1 ሚሊሜትር የነበረው 1.1 ቢሆን ጋዙ በ21 ከመቶ ያድጋል፤ በከፍታ ቦታ ልናጠበው የሚገባንን ቀዳዳ በገዛ እጃችን አሰፋነው ማለት ነው። ኖዝሉን ፈትቶ በሙቅ ውኃና በሳሙና ዘፍዝፎ በአየር መንፋት ይበቃል፤ ካልጸዳ አዲስ ይገዛል።

የብረቱን ራስ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ዘይት በስሱ መቀባት ዝገትን ይከላከላል። የሬጉሌተሩ ትንሿ የአየር ቀዳዳ በጭቃ እንዳትደፈን መመልከት ያስፈልጋል፤ ከተደፈነች ሬጉሌተሩ የውጭውን ግፊት ማወቅ ያቅተዋል። ጎማው ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ አይጠገንም፣ ይቀየራል። መጋጠሚያዎቹ ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ፤ በእሳት መፈተሽ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የፕሮፔን ክብደት የአየርን አንድ ተኩል እጥፍ ስለሚሆን ያፈተለከ ጋዝ ወደ ቦይና ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ማቃጠያው ከእነዚህ መራቅ አለበት።

ሲሊንደሩ ላይ በረዶ ሲታይ ብዙዎች ጋዙ እንዳለቀ ያስባሉ። 30 ኪሎዋት በሰዓት 2.3 ኪሎግራም ፕሮፔን ይፈልጋል። ይህ ፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀትን ከራሱና ከሲሊንደሩ ብረት ይወስዳል፤ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ እሳቱ ይደክማል። ቡቴን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ሊያቆም ስለሚቃረብ የቡቴን ድርሻው ከፍ ያለ ድብልቅ በቀዝቃዛ ሌሊት ፈጥኖ ይደክማል። መፍትሔው ትልቅ ሲሊንደር መጠቀም ወይም ሁለቱን በአንድነት ማገናኘት ነው፤ ሲሊንደርን በእሳት ማሞቅ አደጋው ሞት ነው።

ወደ ቤት ማስገባትም እንዲሁ። ይኸው 30 ኪሎዋት በአዲስ አበባ አየር በሰዓት 40 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይፈጃል። 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ወጥ ቤት 22.5 ሜትር ኩብ ይይዛል። በሩ ከተዘጋ በስሌት ደረጃ የክፍሉ አየር በሙሉ ከግማሽ ሰዓት ብዙም ሳይበልጥ ያልቃል፤ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አደገኛ የሚሆነው ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው። ጣራ ብቻ ያለው፣ ሁለት ጎኑ የተከፈተ ዳስ ከዝናብም ይከላከላል፣ አየሩንም አያግድም።

ከላይ የቀረበው በስሌት የተገኘ እንጂ በልኬት የተረጋገጠ አይደለም። ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ሙከራ ከአንድ የማስተርስ ጥናት አቅም አያልፍም፤ አንድ ማቃጠያ፣ ሦስት ኖዝሎች፣ ከአንድ ሙሌት የተቀዳ ጋዝ፣ የጭስ ጋዝ መለኪያ። ቦታዎቹም ቅርብ ናቸው፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋ፣ አዲስ አበባ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን። የሚለካው በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ያለው ምጥጥን ነው፤ ልኬቱ የተወሰነ ውኃ የያዘ ዎክ ተጥዶ ይወሰድ፣ ምክንያቱም ባዶ እሳት ላይ የተወሰደ ንባብ ቀዝቃዛው ብረት ነበልባሉን ሲነካ የሚፈጠረውን ጉድለት ይደብቃል።