የሽያጭ ግብዣው ሲቀዘቅዝ

ሃያ ሰው ተጠርቶ አምስት ይመጣል። ከአምስቱ ሁለቱ ይገዛሉ፤ አንዷ ካታሎጉን እያገላበጠች «እስቲ ላስብበት» ትላለች፤ የቀሩት ቡናቸውን ጠጥተው፣ የቤቱን እመቤት አመስግነው ይነሳሉ። ሻጯ የደረደረችውን ዕቃ አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ ትመልሳለች። ጋባዧም «ምን ነካቸው? እንመጣለን ብለውኝ ነበር እኮ» እያለች ታግዛታለች። በሰው ቤት ግብዣ ላይ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ምሽት ያውቀዋል። የሚያመው ደግሞ የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም። የተጠሩት ወዳጅ፣ ዘመድና የማኅበር አባል ስለሆኑ አለመምጣታቸውና አለመግዛታቸው ለሻጯ አለመወደድ ይመስላታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ ምሽቱ የቀዘቀዘው በሰዎቹ ፍቅር ማነስ ነው ወይስ ሊታወቅና ሊታረም በሚችል ምክንያት የሚለው ነው።

መልሱን ለማግኘት አሻሻጡ ለምን እንደተፈጠረ ማወቅ ይረዳል። አሜሪካዊው ኧርል ታፐር አየር የማያስገባ ክዳን ያለውን የፕላስቲክ የምግብ መያዣ ለገበያ ያቀረበው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ ነበር። ዕቃው በመደብር መደርደሪያ ላይ ፈላጊ አጣ፤ ክዳኑ እንዴት እንደሚገጠምና አየሩ እንዴት እንደሚወጣ በዓይን ካላዩት የሚገባ አልነበረምና። ብራውኒ ዋይዝ የተባለች ሴት ግን ስታንሊ ሆም ፕሮዳክትስ ለተባለ ኩባንያ በቤት ግብዣ ስትሸጥ ሙያውን ተምራ ስለነበር፣ ሴቶችን በአንድ ቤት ሰብስባ ክዳኑን በገዛ እጃቸው እያስገጠመች ትሸጠው ጀመር። ታፐር እ.ኤ.አ. በ1951 ዕቃውን ከመደብሮች አውጥቶ ሽያጩን ወደ ቤት ግብዣ አዞረው፤ እሷንም ምክትል ፕሬዚዳንት አደረጋት። በ1954 ቢዝነስ ዊክ መጽሔት ምስሏን በሽፋኑ ላይ ይዞ ወጣ። በ1958 ግን ኩባንያው አሰናበታት።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የቤት ግብዣ የተፈለገው ታይቶና ተዳስሶ ካልሆነ ለማይገባ ዕቃ ነው። እንግዳዋ የምታውቀውን፣ ከሰፈሯ ሱቅ በርካሽ የምታገኘውን ዕቃ ሶፋ ላይ አስቀምጠው ቢያሳዩዋት የምትገዛበት ምክንያት የላትም። ዛሬ ደግሞ ሻጯ ዋጋውን ሳትጨርስ እንግዳዋ በስልኳ ታነጻጽራለች። የታፐር ኩባንያ፣ ታፐርዌር፣ ራሱ በ2022 ዕቃውን ታርጌት በተባሉት የአሜሪካ መደብሮች መሸጥ ጀመረ፤ በመስከረም 2024 ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የአሻሻጡ ዋና ምልክት የነበረው ኩባንያ እዚህ ከደረሰ፣ የአንዲት ሻጭ አንድ ምሽት መቀዝቀዙ የግሏ ውርደት ሊሆን አይችልም።

ይህ ማለት ግን ምክንያቱ አይመረመርም ማለት አይደለም። ብርዱ የሚገባው ከሦስት በሮች በአንዱ ነው፦ ከአጠራሩ፣ ከአቀራረቡ ወይም ከአዘጋጉ።

ከአጠራሩ እንጀምር። በእኛ ሰው ዘንድ ተጠርቶ «አልመጣም» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ በቫይበር ለተላከ የጅምላ ጥሪ ሁሉም «እሺ» ብሎ ይመልሳል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን አንዷ ሁለተኛ ሥራዋ ላይ ናት፣ ሌላዋ ሠርግ አለባት፣ ሦስተኛዋ ልጅ የሚይዝላት አጥታለች። ማንም አልዋሸም፤ ይሉኝታ ነው የመለሰው። መፍትሔው «ትመጫለሽ?» የሚለውን ጥያቄ መተው ነው። «ቅዳሜ ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?» ወይም «ከማን ጋር ትመጫለሽ?» ቢባል መልሱ እውነቱን ያሳያል። ጥሪውም ከሻጯ ይልቅ ከጋባዧ አፍ፣ ያውም በስልክ፣ ቢወጣ ይሻላል፤ እንግዳዋ የምትመጣው ለጋባዧ ብላ ነውና። በግብዣው ዕለት ጠዋት አንዴ ማስታወስም የዘነጋችውን ይመልሳል።

ቀን መምረጥም ከአጠራሩ ይቆጠራል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሠርግ ሳምንታት ቅዳሜን መያዝ ከሙሽራ ጋር መሻማት ነው። በሁዳዴ የወጥ ቤት ዕቃ ለማሳየት ሥጋ የሚጠብስ ሰው ደግሞ እንግዶቹን ከደጅ ይመልሳል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። በአሥር ሰዓት የተጠራ ሰው በአሥራ ሁለት እንደሚደርስ የታወቀ ሆኖ ሳለ ማሳያውን በአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ መጨረስ የአዘጋጁ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው በር አቀራረቡ ነው። ከኩባንያው የሚላከው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ የተጻፈው ለሌላ ማጀት ነው። ድስት የምትሸጥ ሴትን እንውሰድ። በካታሎጉ ላይ ያለው ሥዕል ፓንኬክ ሲገለበጥ ያሳያል፤ እንግዳዋ ግን ማወቅ የምትፈልገው ለአሥር ሰው የሚሆን የወጥ ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ ከሥር ይይዝ እንደሆነ፣ ማማሰያዋ ይቧጭረው እንደሆነ፣ ክብደቱም በአንድ እጅ ይነሳ እንደሆነ ነው። ስለ ብረቱ ንብርብር ለግማሽ ሰዓት ከመናገር፣ ሽንኩርቱን አስከትፎ ማማሰያውን ለአንዷ እንግዳ መስጠት የበለጠ ይሸጣል። ያማሰለችው ሴት «አልያዘም እኮ!» ስትል ለሌሎቹ ከሻጯ ቃል ይልቅ የእሷ ምስክርነት ይበልጣል።

ቡና በሚፈላበት ቤት ማሳያው ከቡናው ጋር እንዳይጋጭ መጠንቀቅ ያሻል። ቡና ሲቆላ ወሬው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፤ በዚያ መሐል የሚነገር ዋጋ ሰሚ የለውም። የሚመቸው ጊዜ አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪደርስ ያለው ነው። ሰዉ ተረጋግቷል፤ ገና የሚሄድም የለም። በረካ ላይ የጀመረች ሻጭ ግን የምታናግረው ጫማ የሚያደርጉ ሰዎችን ነው።

ሦስተኛው በር አዘጋጉ ነው፤ ከሁሉ የሚዘነጋውም እሱ ነው። የዚህ ሥራ ዋና ፍሬ የምሽቱ ሽያጭ ብቻ ሳይሆን ቀጣዩ ቀጠሮ ነው። ከአምስቱ እንግዶች አንዷ «እኔም ቤት አዘጋጂልኝ» ካለች አዲስ ቤትና አዲስ የሰው ክበብ ተከፈተ ማለት ነው። ማንም ካላለ ግን ሻጯ ያላት የራሷ ወዳጆች ዝርዝር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ማለቁ አይቀርም። ብዙ ሻጮች ሽያጩ ሲያንስ አፍረው ይህን ሳይጠይቁ ይወጣሉ። ሆኖም ጥቂት ሰው በመጣበት ምሽት ከእያንዳንዷ ጋር ለመነጋገር ጊዜ አለ፤ ለመጠየቅም ይቀላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ስሜት የሚረጋው በሒሳብ ነውና። የምሽቱ ሽያጭ 180 ዶላር፣ ኮሚሽኑም 25 በመቶ ነው እንበል። የሻጯ ድርሻ 45 ዶላር ይሆናል። ደርሶ መልስ 24 ማይል ነድታለች። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ለ2025 ለሥራ ለተነዳ አንድ ማይል በተመነው 70 ሳንቲም ሲሰላ 16 ዶላር ከ80 ይወጣል። ለማሳያው ሽንኩርት፣ ለዳቦና ለመጠጥ 18 ዶላር፣ ለዕጣ ስጦታ 10 ዶላር ከፍላለች። ወጪው 44 ዶላር ከ80 ሆነ፤ በእጇ የቀረው 20 ሳንቲም ነው። ለዚህም ከዝግጅቱ እስከ መመለሻው አምስት ሰዓት ያህል ሄዷል።

ሒሳቡ ያስደነግጣል፤ ግን አንድ ነገር ያስተምራል። ከዚያ ምሽት ሁለት ቀጠሮ ይዛ ከወጣች 20 ሳንቲሟ የሥራ መነሻ ነው። በሌላ ምሽት 400 ዶላር ሸጣ ያለ ቀጠሮ ብትወጣ፣ በዚያው ወጪ 55 ዶላር ከ20 ይቀራታል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ግን ባዶ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ግብዣ በደብተር ላይ በአምስት ዓምድ ቢጻፍ ይበጃል፦ የተጠሩ፣ የመጡ፣ የገዙ፣ የቀጠሩ፣ የወጣ ወጪ። የተጠሩት ብዙ ሆነው የመጡት ካነሱ ችግሩ አጠራሩ ላይ ነው። መጥተው ካልገዙ አቀራረቡ፣ ዋጋው ወይም ዕቃው ይመርመር። ገዝተው ካልቀጠሩ አዘጋጉ ነው። ደብተሩ ለግብርም ይጠቅማል፤ በአሜሪካ በግል ሥራ የተገኘ የተጣራ ገቢ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ ወጪውም የሚቀነሰው ማስረጃ ሲኖር ነው።

በዚያው ምሽት የማይደረጉ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ጉድለቱን በራስ ገንዘብ መሙላት ነው። በብዙ ኩባንያዎች ጋባዧ ስጦታ የምታገኘው ሽያጩ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው፤ ሻጯም ደረጃዋን ለመጠበቅ የወር ኮታ ይኖርባታል። በዚህ ጊዜ «የጎደለውን እኔው ልግዛው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይህ ሽያጭ ሊባል አይችልም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚከማች ዕዳ ነው። ሁለተኛው ቀሪዎቹን በዚያው ሌሊት ደውሎ መውቀስ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በንዴት የተደወለ ስልክ የዛሬዋን ብቻ ሳይሆን የነገዋንም ደንበኛ ያስቀራል። ሦስተኛው የተቀመጡትን እንግዶች በልመና መያዝ ነው። አዝናላት የገዛች ሴት ሁለተኛ አትመጣም።

እንዲያውም የተጸጸተች ገዢ የመመለስ መብት ሊኖራት እንደሚችል መታወቅ አለበት። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ በገዢው በራሱ ቤት የተፈጸመን 25 ዶላርና ከዚያ በላይ፣ ከቤቱ ውጭ፣ ለምሳሌ በጋባዥ ቤት፣ የተፈጸመን ደግሞ 130 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ሽያጭ ገዢው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ እንዲሰርዝ ይፈቅዳል። እሑድና የፌዴራል በዓላት አይቆጠሩም፤ ቅዳሜ ይቆጠራል። እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ማታ የተገዛ ዕቃ፣ በመሐሉ በዓል ከሌለ፣ እስከ ረቡዕ እኩለ ሌሊት ሊሰረዝ ይችላል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሽያጭ ሻጯ ይህን ለገዢዋ በቃል የመንገርና የመሰረዣ ቅጹን የመስጠት ግዴታ አለባት። ስለዚህ የምሽቱ ሒሳብ ከእነዚህ ቀናት በፊት አልቋል ማለት አይቻልም።

የሚደረገውስ? ከቤቱ ሳይወጡ ጋባዧን ከልብ ማመስገን፣ ስጦታዋም ሽያጩ በሚያመጣው መጠን መሆኑን በግልጽ መንገር ነው። ከዚያ ግብዣውን ወዲያው ሳይዘጉ ጥቂት ቀን ማቆየት ይቻላል። ጋባዧ በማግስቱ ለቀሩት ስትደውል «ትናንት ሳትመጪ ቀረሽ» ከማለት «ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላልተን አየነው፤ ካታሎጉን ልላክልሽ?» ብትል፣ ሳይገኙ ያዘዙ ሰዎች ጉድለቱን ሲሞሉት ይታያል። «ላስብበት» ላለችው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንዴ ብቻ መደወል ይበቃል። ያን ጊዜ «አይ» ካለች ነገሩን ዘግቶ ስለ ልጆቿ መጠየቅ ነው። ዕቁብ፣ ማኅበርና ለቅሶ ቤት የሽያጭ ቦታ አይደሉም። ሰው ባየን ቁጥር ካታሎግ የምናወጣ ከመሰለው፣ የሚሸሸው ከዕቃው አልፎ ከእኛ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከዱባይ ወይም ከቱርክ ልብስና ጌጥ አምጥታ በየቢሮውና በየቤቱ የምትሸጥ ሴት ፈተናዋ ሌላ መልክ አለው። እሷ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሁሉም ያነሳል፤ የሚከፍለው ግን «ደመወዝ ሲወጣ» ነው። ለእሷ የቀዘቀዘ ግብዣ ማለት ዕቃው አልቆ ገንዘቡ ያልገባበት ነው። የሚያድናትም ያው ደብተር ነው፦ ማን፣ ምን፣ በስንት፣ መቼ ሊከፍል ወሰደ። ያለፈውን ሳይከፍል አዲስ የሚያነሳ ወዳጅ በደብተሩ ላይ ሲታይ «መጀመሪያ ያንን እንዝጋ» ለማለት ድፍረት ይሰጣል።

በመጨረሻ የምሽቱን ብርድ ከሥራው ብርድ መለየት ያስፈልጋል። አንድ ግብዣ ቢቀዘቅዝ ምሽቱ ነው። አጠራሩ ተስተካክሎ፣ አቀራረቡ ተሻሽሎ፣ በተለያዩ ጋባዦች ቤት ደጋግሞ ከቀዘቀዘ ግን ዕቃው ለዚህ ሰው አልሆነም ወይም ዋጋው ከብዷል። ኩባንያው ራሱም ይመርመር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባልደረቦች በመስከረም 2024 ባወጡት ሪፖርት የ70 የኔትወርክ ማርኬቲንግ ኩባንያዎችን የገቢ መግለጫ መርምረው፣ አብዛኛው ተሳታፊ በዓመት ከኩባንያው የሚያገኘው 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች መሆኑን አሳይተዋል፤ ይህም በወር ከ84 ዶላር ያንሳል። አብዛኞቹ መግለጫዎችም ወጪን አይቀንሱም። በኢትዮጵያም ሰው በማስገባት ሽልማት የሚያስገኘው የፒራሚድ ሽያጭ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ተከልክሏል። «ዕቃው አልሸጥ አለኝ» ለምትል ሴት «ዕቃውን ተዪውና ሰው አስገቢ» የሚል መልስ የሚሰጥ ድርጅት ካለ፣ ከዚያ ቶሎ መውጣት ብልኅነት ነው።

እንግዲህ ይህን ሥራ የያዛችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ የቀዘቀዘውን ምሽት በሌሊት አትፍረዱበት። ተኝታችሁ ተነሡና ደብተሩን ክፈቱ፤ የሚታረመውን በር ፈልጉ፤ የሚታረም ካገኛችሁ አርማችሁ ቀጠሮ ያዙ። ደብተሩ ደጋግሞ ኪሳራ ካሳያችሁ ደግሞ ሥራውን ለመተው አትፍሩ፤ ወዳጆቻችሁን ግን በደብተሩ አትመዝኑ።