የአንድ ቀን ጉብኝት በአዲስ አበባ

ከንባብ በፊት፦ ሐውልት የሚቆመው ለሞተው ሰው ነው ወይስ በሕይወት ላለው? አሳባችሁን በክፍል ውስጥ ተለዋወጡ።

ምንባብ

በአንድ ቅዳሜ ጧት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ከታሪክ መምህራቸው ጋር በአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተሰበሰቡ። መምህሩም፣ «በየሥፍራው ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ወራሪው በዚህ ቦታ ምን አደረገ? ሕዝቡስ በኋላ ምን አደረገ?» አሏቸው።

ባለ ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ለተገኘው የዐድዋ ድል መታሰቢያ የታነጸ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች በእሳት አቃጠሉት፤ ከነጻነት በኋላ ታድሶ በሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች አጌጠ።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ይታያል። ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ነው። ጣሊያኖች ከተማዪቱን በያዙ ጊዜ ከሥፍራው ነቅለው ቀበሩት። ሕዝቡ ግን የድሉን ታሪክ አልረሳምና፣ ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ከመሬት ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ተማሪዎቹ ጥቂት ተጉዘው የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት አዩ። አቡኑ ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ በመገዘታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ሲባል ተነሥቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፣ ታዲያ እኛም ሐውልት አንሥተናል ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች። መምህሩም፣ «አንሥተናል፤ ልዩነቱ ግን ለመመለስ አስቦ በማንሣትና ለማስረሳት አስቦ በመቅበር መካከል ነው» ሲሉ መለሱላት።

ከዚያ በአውቶቡስ ወደ አራት ኪሎ ሄደው የቅድስት ሥላሴን ካቴድራል ጎበኙ። ሥራው በወረራው ተስተጓጉሎ የነበረው ይህ ካቴድራል በቅጥሩ ውስጥ የብዙ አርበኞች መቃብር አለው። በ1953 ዓ.ም. ያረፈችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም በዚያ ተቀብራለች፤ ወረራውን በጋዜጣዋ አጥብቃ የተቃወመች የኢትዮጵያ ወዳጅ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ አቀበቱን ወጥተው ስድስት ኪሎ ደረሱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ከዚያ በኋላ ፋሺስቶች ለሦስት ቀናት የከተማዪቱን ሕዝብ ፈጁ፤ ቤቶችንም ከነሰዎቻቸው አቃጠሉ። በአደባባዩ መካከል የቆመው ሐውልት ያን እልቂት በነሐስ ቅርጽ ያሳያል።

አንድ ተማሪ ለረጅም ጊዜ ከተመለከተው በኋላ፣ «ሐውልቱ የሞቱትን አይመልስም» አለ። አጠገቡ የቆመችው ጓደኛውም፣ «አይመልስም፤ ነገር ግን ‹እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም› የሚል ቢመጣ መልስ ይሰጠዋል» አለችው።

የመጨረሻው ጉብኝት ከአደባባዩ ማዶ በሚገኘው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነበር። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ይገኝበታል። በሕንጻው ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች የሠሩት ሲሆን፣ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝን አንድ ዓመት ያመለክታል። ከነጻነት በኋላ ደረጃውን ያፈረሰው የለም፤ በጫፉ ላይ ብቻ የአንበሳ ምስል ተቀመጠበት።

ተማሪዎቹም ወራሪው የሌላውን መታሰቢያ ሲቀብርና ሲያቃጥል፣ ነጻ የወጣው ሕዝብ ግን የወራሪውን ሥራ ሳይቀር የራሱ ታሪክ ምስክር እንዳደረገው ተገነዘቡ።

የመረዳት ጥያቄዎች
1. ጣሊያኖች የምኒልክን ሐውልት ለምን የቀበሩት ይመስላችኋል?
2. መምህሩ በማንሣትና በመቅበር መካከል ያለውን ልዩነት እንዴት ገለጡት?
3. በደረጃው ጫፍ ላይ የተቀመጠው አንበሳ ምን ያመለክታል?

የቃላት ጥናት
የሚከተሉትን ቃላት ፍች ከምንባቡ ተረድታችሁ በዐረፍተ ነገር አስገቡ፦ ቅጥር፣ መገዘት፣ ፈጁ፣ እርከን።

የጽሕፈት መልመጃ
በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ መታሰቢያ ወይም ጥንታዊ ቤተ አምልኮ ጎብኝታችሁ፣ ማን፣ መቼና ስለ ምን እንዳሠራው ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።