ቁልፍ ቢጠፋ ቤት አይፈርስም፤ ስለ ትንሿ ኮምፒዩተር የማስነሻ ፋይሎች



«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔም ዘንድሮ ሳይቸግረኝ በገዛ እጄ ያመጣሁትን ጣጣና ከዚያ ያገኘሁትን ትምህርት በዚህ መጽሔት ላይ በአጭሩ ለመግለጽ ተነሣሁ። ጥፋቴን በአደባባይ የምናገረው ከእኔ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር የሚደርስበት ተማሪ እንዳይደነግጥና ከጥፋት ላይ ሌላ ጥፋት እንዳይጨምር ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያዋ ጥቂት ልናገር። ራስቤሪ ፓይ የምትባለው ኮምፒዩተር በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ፣ ወጣቶች የኮምፒዩተርን ሥራ በርካሽ እንዲማሩባት ታስባ የተሠራች ስትሆን፣ ለገበያ የዋለችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ቁመቷና ወርዷ የመታወቂያ ወረቀት ያኽላል። መላ አካሏ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሠራ ነው። ሃርድ ዲስክ የላትም፤ ሲስተሙም ሆነ ሰነዱ የሚቀመጠው እንደ ስልካችን ባለ አንድ ሚሞሪ ላይ ነው። የክበባችን ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሦስተኛው ዓይነት ነው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ስለሚያስነብብ፣ እኛም በዳንግላ ሆነን በዚህች ትንሽ ኮምፒዩተር አማካይነት ብዙ ነገር አንብበናል። ከዚህም በላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመስከረም ጀምረን ለፈተና ያዘጋጀነውን የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ ጥያቄና መልስ በእርስዋ ላይ እናስቀምጥ ነበር። ሌላ ቅጂ ግን አልነበረንም።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ሚሞሪው ስለ ሞላ፣ ቦታ ለማስፋት ብዬ አውጥቼ ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ሰካሁት። ሁለት ነገር ታየኝ። አንደኛው «ቡት» የሚል ስም ያለው ትንሽ ክፍል ነው። ስለ ሁለተኛው ዊንዶውስ «ፎርማት ካልተደረገ መጠቀም አይቻልም» አለኝ። ዊንዶውስ ይህን ያለው ክፍሉ ተበላሽቶ ሳይሆን የሊኑክስ አቀማመጥ ስለሆነ ማንበብ ባለመቻሉ ነው። እኔም እግዜር ሲረዳኝ ፎርማት ማድረጉን እምቢ አልሁ። ነገር ግን በትንሹ ክፍል ውስጥ ያሉት ፋይሎች ስማቸው እንግዳ ስለሆነብኝ የማያስፈልጉ መስለውኝ ሁሉንም ደመሰስኋቸው። ከሚሞሪ ላይ የተደመሰሰ ፋይል ደግሞ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ አይገባም።

ሚሞሪውን መልሼ መብራት ባበራሁ ጊዜ ቀዩ መብራት በራ፤ አረንጓዴው ግን ጨርሶ ብልጭ አላለም። ስክሪኑም ጨለመ። አንድ ጓደኛዬ «ፎርማት አድርገን እንደ አዲስ እንጫነው» አለኝ፤ እኔም ልስማማ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። በዚህ ጊዜ መምህራችን ሰምተው መጡና፣ «ልጄ፣ የጠፋው ምን እንደ ሆነ ሳታውቂ እጅሽን አታንሺ። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ቤቱን አያቃጥልም» አሉኝ።

የመምህራችንን ቃል ለመረዳት ኮምፒዩተሯ እንዴት እንደምትነሣ ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ በአንድ ቤት ውስጥ ማለዳ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ እንደሚነሣው ቤተ ሰብ ነው። መብራት ሲበራ በመጀመሪያ የሚነቃው ዋናው ፕሮሰሰር ሳይሆን ሥዕል የሚያሳየው ክፍል ነው። እርሱም በትንሹ ክፍል ላይ ቡትኮድ የሚባለውን ፋይል ፈልጎ ያነባል። ቡትኮድ ስታርት የሚባለውን ፋይል ይቀሰቅሳል። ስታርት ደግሞ ኮንፊግ ከሚባለው ፋይል ትእዛዝ ተቀብሎ የሲስተሙን እምብርት፣ ማለት ከርነልን፣ ይጭንና ዋናውን ፕሮሰሰር ያስነሣል። በመጨረሻም ከርነል ሲኤምዲላይን በሚባለው ፋይል ውስጥ በተጻፈው አድራሻ መሠረት ወደ ሁለተኛው ክፍል ይሄዳል፤ የእኛም ሰነድ የነበረው እዚያ ነው። እንግዲህ እኔ ያጠፋሁት ቀስቃሾቹን እንጂ ቤቱን አልነበረም።

አረንጓዴው መብራትም የራሱ ቋንቋ አለው። 4 ጊዜ ብልጭ ብሎ ቢያቆም ስታርት አልተገኘም ማለት ነው፤ 7 ጊዜ ቢሆን ከርነል አልተገኘም ማለት ነው። የእኛ ምንም አለማለቱ የመጀመሪያው ቀስቃሽ ራሱ እንደሌለ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው በአራተኛው ዓይነት ግን ይህ የመጀመሪያው ቀስቃሽ በሰሌዳው ላይ ስለሚገኝ ከሚሞሪው ላይ አይፈለግም።

የመጀመሪያው ሥራችን ምንም ነገር ሳንጽፍበት የሚሞሪውን ሙሉ ምስል በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መቅዳት ሆነ። ሚሞሪው 16 ጊጋባይት ስለ ነበረ ምስሉም ይህንኑ ያኽል ቦታ ያዘ። ፋይል በተደመሰሰ ጊዜ የሚሰረዘው በማውጫው ላይ ያለው ምዝገባ ነው እንጂ ይዘቱ ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ቴስትዲስክን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች መልሶ ማግኘት ይቻላል። እኛ ግን ሲስተሙን መጀመሪያ የጫንበት ፋይል በክበቡ ኮምፒዩተር ላይ ስለ ተገኘ፣ እርሱን በሌላ ባዶ ሚሞሪ ላይ ጽፈን የማስነሻ ፋይሎቹን ከዚያ ወደ አሮጌው ሚሞሪ ቀዳን። ከርነልና በሁለተኛው ክፍል ያሉት ረዳቶቹ የአንድ እትም መሆን አለባቸው። የእኛ ሲስተም ኢንተርኔት በማጣት አንድ ቀን እንኳ ታድሶ ስለማያውቅ ሁለቱ ልክ በልክ ሆኑ፤ ማጣታችን በዚህ ጠቀመን።

መብራት ስናበራ አረንጓዴው ብልጭ አለ፤ ኅብረ ቀለም ያለው ሥዕልም በስክሪኑ ላይ ታየ። ደስ ብሎን ስናጨበጭብ እዚያው ላይ ቆመ! መምህራችን ከሲኤምዲላይን ውስጥ «ጸጥ በል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አስወጡልን። ያን ጊዜ ሲስተሙ አንደበቱ ተፈታና አንድ ክፍል እየጠበቀ መሆኑን ጻፈልን። እያንዳንዱ ሚሞሪ 8 ፊደልና ቁጥር ያለው የራሱ መለያ አለው፤ እኛ የቀዳነው ፋይል ግን የሌላውን መለያ ይዞ ነበር። ስለዚህ ኮምፒዩተሯን በአዲሱ ሚሞሪ አስነሥተን፣ አሮጌውን በፍላሽ መልክ በማንበቢያ ሰክተን፣ ትክክለኛ መለያውን አነበብንና በፋይሉ ውስጥ ጻፍነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ብቻ የሚያስፈልገውን የማስፊያ ትእዛዝም ከዚያው አወጣን። በዚህ ፋይል ያለው ጽሑፍ ሁሉ በአንድ መስመር ብቻ መሆን እንዳለበት ልብ ይሏል።

ለሦስተኛ ጊዜ መብራት ስናበራ ሲስተሙ እስከ መጨረሻው ተነሣ። የፊዚክሱ፣ የኬሚስትሪውና የሒሳቡ ጥያቄ አንድም ሳይጎድል ተገኘ። ሦስት ቀን ሙሉ ቀና ብዬ ያላየኋቸውን ጓደኞቼን ያን ዕለት ዐይን ለዐይን ተያየሁ።

እንግዲህ ከዚህ የተማርሁት የሚከተለው ነው።

1ኛ. የማታውቁትን ፋይል አትደምስሱ፤ ስሙ እንግዳ መሆኑ የማይረባ አያሰኘውም።

2ኛ. ጥፋት ሲደርስ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ምንም ሳትጽፉበት አስቀድማችሁ ሙሉ ምስሉን ቅዱ።

3ኛ. ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የጠፋው ማስነሻው ይሁን ወይስ ሰነዱ ለዩ።

4ኛ. የማስነሻ ፋይሎቹን ቅጂ በአንዲት ፍላሽ አኑሩ፤ ሰነዳችሁንም በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ዛሬ የክበባችን ፍላሽ በመምህራችን መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። የሁላችንም ጥያቄና መልስ በእርስዋ ላይ አለ፤ በየሳምንቱ ዓርብ አዲሱን ቅጂ የምጨምርባትም እኔው ራሴ ነኝ።