«አባቱ ሲሞቱ አላለቀስኩም»

እትዬ፣

በቡሬ ዙሪያ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። 39 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በቅርቡ ስለ ልጆች የእድገት እክል የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ ሳነብ ኦቲዝም የሚለው ክፍል ላይ ደረስኩና የራሴን ልጅነት አየሁበት። የናይለን ቀሚስ ሲያለብሱኝ እንደ እሳት ይፈጀኝ ነበር። ወፍጮ ቤት ስንሄድ ጆሮዬን ይዤ ስለምጮህ እናቴ «ዓይነ ጥላ አለባት» ብላ ጠበል ወስዳኛለች። አሁንም ገበያ ውዬ ስመለስ በሬን ዘግቼ ካልተኛሁ ሰው አልሆንም። ሰው ቤት ከመግባቴ በፊት የምናገረውን በልቤ አጠናለሁ። ሥራዬን እወዳለሁ፤ የቤተሰብ ማህደሩን በየጎጡ ለይቼ ስደረድር ደስ ይለኛል። «ነገ ዘመቻ አለ» የተባልኩ ዕለት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም።

የሚያስጨንቀኝ ባለቤቴ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አባቱ ሲሞቱ አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ሲጮህ እኔ የድንኳኑን ቋሚ እቆጥር ነበር። እወዳቸው ነበር፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በየቀኑ በሰዓቱ የማስውጣቸው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን «ልብሽ ድንጋይ ነው» ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ ኦቲዝም ሊገኝብኝ ይችላል? ብነግረውስ «እብድ አግብቻለሁ» ይል ይሆን? እናቴ ደግሞ ጠበል ግቢ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?

ከቡሬ

እታለም፣

ሊገኝ ይችላል። ኦቲዝም በ39 ዓመት አይጀምርም፤ አብሮሽ ተወልዶ በ39 ዓመትሽ ሊታወቅ ግን ይችላል። አእምሮ ከመነሻው የሚያድግበት መንገድ ልዩነት ነው። በእርግማን አይመጣም፣ በክትባትም አይመጣም፤ የኋለኛውን ለአንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። እኔ ሐኪም ስላልሆንኩ በደብዳቤ አለብሽ ወይም የለብሽም አልልሽም። የጻፍሽው ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ነገር ነው፤ ባለሙያም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱኑ ነው።

እስከ ዛሬ ለምን ማንም አላየውም? በ1943 እ.ኤ.አ. ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም አሜሪካ ውስጥ ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ ካቀረባቸው 11 ልጆች ሴቶቹ 3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙም መምህሩም ለብዙ ዘመን ወንድ ልጅ ሲፈልግ ኖረ። በእኛ አገር ቃሉን ከሰው ጆሮ ካደረሱት ቀዳሚዋ ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ ናት፤ የራሷን ልጅ ይዛ ተነሥታ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ከእሷ በኋላ ነህምያ የተባለው የኦቲዝም ማዕከልም ተከፈተ። ሁለቱም የቆሙት ለልጆች ነው፤ ያኔ በየቤቱ ተደብቀው የነበሩትን ማውጣት ይቀድም ነበርና ትክክል ነበሩ። ስለዚህ ኦቲዝም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አፉን ያልፈታ ሕፃን ነው። ተምራ፣ ተቀጥራ፣ ወልዳ የምትኖር ሴት ለማንም አልታየችውም።

አንቺን ደግሞ የጋረደሽ የአገራችን ጨዋነት ይመስለኛል። ከምልክቶቹ አንዱ ሰውን ዓይን ለዓይን አለማየት ነው። ጎጃም ውስጥ ዓይኗን ሰብራ የምታልፍን ልጃገረድ ማን ሐኪም ቤት ይወስዳታል? የጨዋ ልጅ ተብላ ትታጫለች እንጂ። ዝምታሽን አደብ ብለውልሻል። ሰላምታችንም ቢሆን ላጠናው የተመቸ ነው፦ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቶች ደህና፣ አዝመራው እንዴት ይዟል። ተራውን ይዞ ይሄዳል፣ መልሱም የታወቀ ነው። ረቡዕና ዓርብ ምን እንደሚበላ ታውቂያለሽ፤ የማኅበሩም ቀን አይዛነፍም። ይህ ሥርዓት ደብቆሽ ብቻ ሳይሆን ደግፎሽም ኖሯል። የሚያሽመደምድሽ ከሥርዓት ውጭ የሚመጣው ነው፤ ያልተጠበቀ እንግዳ፣ የድንገት ዘመቻ፣ ሞት።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ዋናው ጉዳይሽ እሱ ነው። ኦቲዝም በሚለው ቃል አትጀምሪ። ቃሉን ከሰማ ስለ ቃሉ ነው የምትጨቃጨቁት፤ የቆሰለው ግን በለቅሶው ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ዘመድ በሌለበት፣ እንዲህ በይው፦ «አባባ ሲያርፉ ውስጤ ተቃጥሎ ነበር፤ ፊቴ ግን አልታዘዘኝም። ጩኸቱ ከአቅሜ በላይ ሲሆንብኝ ቋሚ መቁጠር ያዝኩ፤ ባልቆጥር ኖሮ ድንኳኑን ጥዬ እሮጥ ነበር።» አፍሽ ከተያዘ ለእኔ የጻፍሽውን ደብዳቤ አንብቢለት፤ ጥሩ አድርገሽ ጽፈሽዋል።

መድኃኒቱን ደግሞ አስታውሺው። በአንድ ሐረግ ጠቅሰሽ አልፈሽዋል እንጂ የደብዳቤሽ ትልቁ ነገር እሱ ነው። በለቅሶ ቤት ምራቋን ዓይኗ ላይ ቀብታ ዋይ የምትል አይቻለሁ፤ ለሽማግሌ ክኒን በየቀኑ ሰዓት ጠብቃ የምታስውጥ ምራት ግን ብዙ አላየሁም። ኦቲዝም ያለበት ሰው አያዝንም የሚባለው ስሕተት ነው፤ ሐዘኑ ሌላው በለመደው መልክ ፊቱ ላይ አይወጣ ይሆናል እንጂ። የእሱንም ወገን ግን እዪለት፦ ሰውዬው አባቱን ብቻውን የቀበረ መስሎት ሁለት ዓመት ኖሯል። አንድ ማታ ላይበቃው ይችላል።

«እብድ» ይለኛል ላልሽው፣ ኦቲዝም እብደት አይደለም። ካነር ከጻፈላቸው ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ሚሲሲፒ ውስጥ በምትገኝ አንዲት የገጠር ከተማ ባንክ ውስጥ እየሠራ፣ መኪናውን እየነዳ ኖሮ በ89 ዓመቱ በ2023 እ.ኤ.አ. አርፏል። የከተማው ሰው ጠባዩን አውቆ አብሮት ኖረ። ለባልሽ ዘመዶች ግን አሁን ምንም አትንገሪ። ቡሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ አንዴ የወጣ ወሬ አይሰበሰብም።

ሥራሽን በተመለከተ የበላይሽ የኦቲዝምን ስም ማወቅ አያስፈልገውም። «ዘመቻ ሲኖር ቀደም ብላችሁ ንገሩኝ፤ ጎጦቹን አስቀድሜ ልከፋፍል» ማለት ግን የማንኛዋም ጥሩ ሠራተኛ ጥያቄ ነው። በየቤቱ ቡና ሲያፈሉልሽም እስከ በረካ መቀመጥ ግዴታ አይደለም፤ አቦሉን ጠጥተሽ «ሌላ ቤት ይጠብቀኛል» ብትይ ማንም አይቀየምሽም።

ጠበሉን አልከለክልሽም፤ እምነትሽ ነው፣ እናትሽም ከፍቅር ነው የምትለው። ርኩስ መንፈስ አለብሽ የሚልሽ ካለ ግን አትስሚው፤ እንቅልፍ ማጣትሽንና ጭንቀትሽንም ለሐኪም ሳታሳዪ አትቅሪ። ለኦቲዝም ራሱ የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ እነዚህ ግን ይታከማሉ። መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጠይቂ። ወደ ላይ ከላኩሽ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂጂ። ባለሙያው ትልቅ ሰው ለዚህ ጉዳይ መጥቶበት አያውቅ ይሆናልና ቢያመነታ አትደንግጪ፤ የወፍጮ ቤቱን፣ የቀሚሱን፣ የገበያውን ነገር በወረቀት ጽፈሽ አቅርቢለት።

ስትሄጂም እናትሽን ይዘሻት ሂጂ። ሐኪሙ ስለ ልጅነትሽ ሲጠይቅ የምትመልስለት እሷ ናት።