ጉዳይ ይዞ ጎንደርን ማየት

በዘመነ ጎንደር ላይ የታሪክ ልብ ወለድ የሚጽፍ አንድ ወጣት፣ ያሳተመውን መጽሐፍ ፒያሳ ላሉ ሻጮች ለማስረከብና የቆየ ሒሳብ ለመቀበል ከአዲስ አበባ ጎንደር በወረደ ጊዜ፣ ከአንድ ሽማግሌ የድጓ መምህር ጋር ያደረገው ምልልስ ይህ ነው።

ጠያቂ፦ የኔታ፣ የመጣሁት ለንግድ ነው። ቀኑ በሒሳብና በደረሰኝ ያልቅና ቤተ መንግሥቱን የማየው ሊዘጋ ሲል እየሮጥሁ ነው። በሩጫ የታየ ነገር ለመጽሐፍ ይበቃልን?

የኔታ፦ ልጄ፣ አንተ ጉድለት ያልኸው ለሥራህ ረድኤት ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸው ካደረጓት ወዲህ፣ ርስቱን የተነጠቀው ባላገር አቤት ሊል፣ ነጋዴው በምጽዋና በስናር በኩል ያገኘውን ዕቃ ሊሸጥ፣ ዲያቆኑ ከጳጳሱ እጅ ክህነት ሊቀበል፣ መኰንኑም ሹመት ሽቶ ደጅ ሊጠና ወደ ጎንደር ይጐርፍ ነበር እንጂ፣ ግንብ ለማድነቅ ብቻ ተነሥቶ የመጣ ሰው እምብዛም አልነበረም። እንግዲህ ጉዳይ የሌለው ጐብኚ ከዘመኑ ሰው ይልቅ ባዕድ ነው፤ አንተ ግን ገንዘብህ በሰው እጅ ስላለ፣ የዚያን ባላገር ጭንቀት በጥቂቱም ቢሆን ታውቀዋለህ።

ጠያቂ፦ ታዲያ ስገባ ከምን ልጀምር?

የኔታ፦ ከውጭ ጀምር። ግቢውን የከበበው ቅጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ሲሆን ዐሥራ ሁለት በሮች ነበሩት፤ ጐብኚው ቲኬቱን ቆርጦ በአንዱ ይገባና የቀሩትን ይረሳቸዋል። በጃን ተከል በኩል ያለው ፊት በር አለ፤ ወንበር በር የዳኞች ነው፤ እምቢልታ በር የነፊዎች፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ፣ አደናግር በር የፈታዮች፣ ቋሊ በር የእቴጌይቱ አገልጋዮች ነው። ባለታሪክህ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ከበሩም ላይ ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚጠብቅ ሳታውቅ አዳራሹ ውስጥ ብታስቀምጠው፣ አንባቢው ሰውዬው ከየት እንደ መጣ ሊያምንህ አይችልም።

ጠያቂ፦ ከገባሁ በኋላስ?

የኔታ፦ ከገባህ በኋላ ማፍረስ ተማር። አስጐብኚው የስድስት ነገሥታትን ሥራ በአንድ ሰዓት ስለሚያሳይህ ሁሉም በአንድ ዘመን የቆመ ይመስልሃል፤ ዳሩ ግን የፋሲል ግንብ ሲሠራ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የለም፤ አድያም ሰገድ ኢያሱ ሲነግሡ የልጃቸው የዳዊት የዘፈን ቤት የለም፤ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብም ሆነ የቍስቋም ደብራቸው የመጣው ፋሲል ካረፉ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ታሪክህ የሚቆምበትን ዓመት ወስነህ ከዚያ በኋላ የተሠራውን ሁሉ በልቡናህ ንደለት፤ በአንጻሩም የፈረሰውን መልስ። የኢያሱ ግንብ ዛሬ ጣራ የለውም፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ጐድቶት ነበርና የቀረውን ጎንደር ከጣሊያን ነፃ በወጣችበት ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ጨረሰው። በዙሪያው ኰረብታ የምታየውንም ባሕር ዛፍ ንቀለው፤ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ፒያሳውንም ሲኒማውንም እንዲሁ፤ የጣሊያን ናቸው።

ጠያቂ፦ ብዙ ሰዎች ግን ከተማይቱን የመካከለኛው ዘመን ብለው ይጠሯታል።

የኔታ፦ የአውሮፓን አቈጣጠር ከወሰድህ ዘግይታለች፤ ጥንቱን የፈለገ ላሊበላ ይሂድ። ለጎንደር ግን ከሷ በፊት የነበሩትን እይላት፤ እንፍራዝ አጠገብ የሠርፀ ድንግል ጕዛራ፣ የሱስንዮስም ደንቀዝና ጎርጎራ አሉ። ግንብ ሥራ በፋሲል አልተጀመረም።

ጠያቂ፦ ከድንጋዩና ከመጽሐፉ የትኛውን ልመን?

የኔታ፦ ዜና መዋዕሉ ንጉሡ በየትኛው ቀን እንደ ዘመተ፣ የት እንደ ከረመ፣ ማንን እንደ ሾመ አጥርቶ ይነግርሃል፤ የድኻይቱን እራት ግን አይነግርህም። መጽሐፉም ቢሆን ሁሉ እዚህ የለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ዘርፈው መጻሕፍቱን መቅደላ አከማቹ፣ እንግሊዞች ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ወስደው ከፊሉን ለንደን አገቡት። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ካቃጠለው የተረፈችውን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ስታይ፣ ጣራው ላይ በተሣሉት መላእክት ብቻ አትደነቅ፤ ሠዓሊው የሣለውን የሰው አለባበስ፣ የኮርቻውን ዕቃ፣ የጋሻውን ጌጥ ቅዳ። ስኮትላንዳዊው ብሩስም አለልህ፤ በ1762 ዓ.ም. በምጽዋና በሊማሊሞ በኩል መጥቶ ቍስቋም ላይ ከምንትዋብ ዘንድ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ራሱን ሲያወድስ እለፈው፣ ግብሩንና ፍርዱን ሲያወራ ግን አድምጠው። ጊዜ ካለህ ደባርቅ ድረስ ወጥተህ ሊማሊሞን ቍልቍል እይ፤ የዛሬው መንገድ የጣሊያን ሥራ ነው፣ ገደሉ ግን ያው ነው፤ ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን ይዞ ያንን ሲወጣ ምን ያህል እንደሚደክም ያላየ ስለ ዕቃ ዋጋ መጻፍ አይችልም።

ጠያቂ፦ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛም በ«አንድ ለናቱ» ቀድመውኛል፤ ለእኔ ምን ተረፈ?

የኔታ፦ ብርሃኑ የጎንደር ልጅ ነው፤ ሁለቱም ግን የጻፉት ስለ ቴዎድሮስ ነው፤ ቴዎድሮስ ደግሞ ከጎንደር የራቀ ንጉሥ ነው። የከተማይቱ ሰፈር ሁሉ ያንተ ነው። ነፍስ ገዳይ እጨጌ ቤት ገብቶ ይማጠናል፤ አቡን ቤት ቄስ ለመሆን የመጣው ጐረምሳ ይተኛል፤ ግንበኛውና አንጥረኛው ቤተ እስራኤል በሰፈሩ ነው። በዘመነ ዮሐንስ፣ በ1660 ዓ.ም.፣ ሃይማኖቱ የተለየ ሁሉ ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይቀመጥ ተብሎ ስለ ታወጀ፣ ሙስሊሙ ነጋዴ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ሰፈረ፤ ሀብቱ ግን ቤተ መንግሥቱን አልብሶ ያሳድር ነበር። አዋጁ ሰውን ይለያል፣ ገበያው ያገናኛል፤ ልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ምን ይሻል?

ጠያቂ፦ የመጀመሪያው ምዕራፌ ግን ተጽፎ አልቋል፤ በኢያሱ ዘመን አንዲት ወይዘሮ ረከቦቷን አቅርባ፣ ዕጣኗን አጢሳ፣ ለእንግዶቿ ቡና ስታፈላ ይጀምራል።

የኔታ፦ ያን ጊዜ ክርስቲያኑ ቡናን የሙስሊም መጠጥ ነው ብሎ ይጸየፈው፣ ቤተ ክህነትም ያወግዘው ነበር፤ ወይዘሮዪቱ ጠጅ ታቅርብ።

ጠያቂ፦ ምዕራፉን በሙሉ ልጣለው?

የኔታ፦ ስለ ምን ትጥለዋለህ? ጀበናውን ቀሃ ማዶ ወስደህ ከነጋዴው ቤት ጣደው፤ ወይዘሮዪቱ ጥጥ ልትገዛ ሄዳ ሽታው ያስቁማት፤ ትቅመስ፤ ስትመለስም ንስሐ አባቷ በር ላይ ይጠብቋት።