በኢሜይል መዝገብ ስለ መግባትና ከመዝገቡ ስለ መውጣት

ለአገር አስተዳዳሪና ለእርሻ ባለቤት ወሬ በጊዜው መድረሱ ከብዙ ጉዳት ያድናል። የበረሃ አንበጣ ነፋስ ሲረዳው በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖረው ይችላል፤ የሚበላውም በቀን የ35 ሺሕ ሰው ቀለብ ያህላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 እና በ2020 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው መንጋ በአዝመራው ላይ ያደረሰውን ጥፋት ገበሬው አልረሳውም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በሮማ ከተማ ባለው የአንበጣ ወሬ ክፍሉ አማካይነት የመንጋውን እንቅስቃሴ በየወሩ እየገለጸ፥ አድራሻቸውን ላስመዘገቡት ሁሉ በኢሜይል ይልክላቸዋል፤ ገንዘብም አይጠይቅበትም። እንግዲህ ወደዚህ ዓይነት መዝገብ እንዴት እንደሚገባ፥ እንዴትም ከእርሱ እንደሚወጣ ማወቅ ለሹም ሁሉ የሚያስፈልግ ትምህርት ነው።

የኢሜይል መዝገብ ማለት በአንድ የጋራ አድራሻ ሥር የተያዘ የብዙ ሰዎች አድራሻ ነው። ወደ ጋራው አድራሻ የተላከች አንዲት ደብዳቤ ተባዝታ ለተመዘገቡት ሁሉ ትደርሳለች። በመጀመሪያው ዘመን ስም የሚጽፈውና የሚፍቀው ሰው ነበረ፤ ሥራ ሲበዛበትም ጠያቂው ብዙ ቀን ይጠብቅ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በፓሪስ ይማር የነበረው ኤሪክ ቶማስ ሊስትሰርቭ የተባለውን ፕሮግራም ሠርቶ ይህን ድካም ለኮምፒዩተር አስረከበው። ከዚያ ወዲህ መግባትና መውጣት የባለጉዳዩ የራሱ ሥራ ሆነ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አድራሻ አለው። አንደኛው እንደ ነጋሪት ነው፤ በእርሱ የተነገረውን አገር ሁሉ ይሰማዋል። ሁለተኛው እንደ መዝገብ ቤት ነው፤ የሚሰማውም ስም የሚጽፈውና የሚፍቀው ኮምፒዩተር ብቻ ነው። «ስሜን ሰርዙልኝ» የሚለው ቃል ወደ መዝገብ ቤቱ እንጂ ወደ ነጋሪቱ አይላክም። ይህን አለመለየት ያመጣውን ችግር ለማየት የእንግሊዝ አገር የጤና አገልግሎት ምስክር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር ለሙከራ የተጻፈች አንዲት ደብዳቤ በስሕተት ወደ 840 ሺሕ ለሚሆኑ የአገልግሎቱ ሠራተኞች ተላከች። ከተቀባዮቹም ብዙዎቹ «ከዚህ አውጡኝ» እያሉ ለሁሉም መለሱ፤ ሌሎቹም «ለሁሉ አትመልሱ» ብለው ያንኑ ለሁሉ ጻፉ። በዚህ ምክንያት የኢሜይሉ ሥራ ለብዙ ሰዓት ተጓተተ፤ የመጀመሪያዪቱ ደብዳቤ ግን ባዶ ነበረች ማለት ይቻላል።

ለመግባት የሚሻ ሰው አድራሻውን በተሰጠው ስፍራ ይጽፋል። ሥራው ግን በዚህ አይፈጸምም፤ የሰውን አድራሻ ማንም ሊጽፍ ይችላልና፥ ደንበኛ መዝገብ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይልካል። ባለአድራሻው በውስጧ ያለውን ሊንክ እስኪጫን ወይም መልስ እስኪሰጥ ድረስ ስሙ አይገባም። ይህች ደብዳቤ አላስፈላጊ ነገር በሚጣልበት ሣጥን ውስጥ ወድቃ የምትቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ «ተመዝግቤ ሳለሁ ምንም አልደረሰኝም» የሚል ሰው አስቀድሞ ያንን ሣጥን ይመርምር።

ለመውጣት የሚሻ ደግሞ በደብዳቤው ግርጌ የተጻፈውን የመሰረዣ ሊንክ ይፈልግ። በትእዛዝ የሚሠራ መዝገብ ከሆነ ትእዛዙ ከተመዘገበበት ከዚያው አድራሻ መላክ አለበት፤ በአንዱ አድራሻ ገብቶ በሌላው ልውጣ የሚለውን ኮምፒዩተሩ አያውቀውም። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ነጋዴ ላኪዎች የመሰረዝን ጥያቄ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲፈጽሙ ያዛል። ጂሜይልና ያሁ ደግሞ በ2024 ዓ.ም. ብዙ የንግድ ደብዳቤ የሚልኩ ሁሉ በአንድ መጫን የሚሰርዝ መንገድ እንዲያበጁ፥ ጥያቄውንም በሁለት ቀን እንዲፈጽሙ ግድ አሏቸው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ደንብ ለሚያከብር ላኪ ነው። ካልታወቀ ሰው፥ ሳይጠየቅ የመጣ ደብዳቤ «ለመውጣት እዚህ ተጫን» ቢል መጫን አይገባም፤ አጭበርባሪው በዚህ አድራሻው ሰው ያለበት መሆኑን ያረጋግጣል፥ ወደ ክፉ ገጽም ሊመራ ይችላል። እንዲህ ያለውን አላስፈላጊ ብሎ መጣል ይሻላል።

የሹም ነገር ከሌላው ሰው የሚለየው ሹም ስለሚዛወር ነው። የወረዳው ሹም በግል አድራሻው የተመዘገበ እንደ ሆነ፥ እርሱ ወደ ሌላ አገር ሲሾም የአንበጣው ማስጠንቀቂያ ተከትሎት ይሄዳል፤ ወረዳው ግን ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ የሚመዘገበው የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ሠራተኞችም የሚከፍቱት ይሁን። የመሥሪያ ቤት አድራሻ በሌለበት ግን ተሻሪው ስሙን ከማሰረዙ በፊት ተተኪው ይመዝገብ፥ የመጀመሪያዪቱም ደብዳቤ ለተተኪው መድረሷ ይታይ፤ ይልቁንም ዝውውሩ ከመስከረም እስከ ኅዳር፥ አዝመራው በማሳ ላይ ባለበት ወራት የሆነ እንደ ሆነ።